ከአሥር ወደ አርባ ደቂቃ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ሰርቪሳችን ዛሬም አረፈደ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ከሳሊተ ምሕረት በሰዓቱ ነበር የተነሳነው፣ ጎሮ ስንደርስ ግን የተቆፈረው መንገድ ላይ ተገተርን። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሎውን መቆርጠም ጀመረ። ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

ፋብሪካው በር ላይ ተሰልፈን አሻራ ሰጠን። ሃምሳ ሰው፣ ሃምሳ ቀይ። መግቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ማሽኑ ከዚያ በላይ የሚታገሠው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። አምስት ቀይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሦስት ማስጠንቀቂያ ስንብት። ራሱ ይቆጥራል፣ ራሱ ያትማል። ድሮ ሰዓት ተቆጣጣሪው የአገሩን ልጅ ሁሉ “በሰዓቱ ገብቷል” እያለ ስላስቸገረ ነው አሉ ማሽን የተገዛው። የሰው እጅ እንዳይገባበት። ቀይ አንዴ ከተመዘገበ ሥራ አስኪያጁም አይሰርዙትም።

ከሰዓት ወይዘሮ ሐሊማ ጠሩኝ፣ የሰው ኃይል ኃላፊያችን። ያንን ደብዳቤ እንደገና ከመሳቢያ አወጡት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረሃንስ ከፈረሙበት ሁለት ሳምንት አልፎታል። መንገዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ፣ ከመስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የእፎይታው ጊዜ አርባ ደቂቃ እንዲሆን ይላል። መቼ ነው የምታስገባው? አሉኝ። ያንኑ መልስ ሰጠኋቸው። አይቻልም። አሥሩ ደቂቃ ያለው ማሽኑ ሰዓት በሚያሰላበት አፕ ውስጥ ነው። እሱን ለመቀየር አፑ ከኮዱ ተነስቶ እንደገና መሠራት አለበት። ኮዱ ደግሞ የለም... አፑን የጻፈው ያቤጽ የሠራበት ላፕቶፕ ውሃ ገብቶበት ቀርቷል፣ ያቤጽ ራሱም ሥራ ከለቀቀ ዓመት ከሁለት ወር።

እኔ የኔትወርክ ሰው ነኝ። ገመድ፣ ፕሪንተር፣ የአሻራ ማሽን መወልወል። ሰው የሠራውን አፕ አልነካካም።

ግን “አይቻልም” ስል ትንሽ ደስ ይለኛል ልበል? ይለኛል። አይቻልም ያልከውን ሥራ ማንም መልሶ አያመጣብህም። ከወይዘሮ ሐሊማ በስተቀር።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

እትዬ ፈለቀች ሰርቪስ ውስጥ ቦርሳዋን አስቀምጣ ወንበር ትይዝልኛለች። ሁለት ዓመት ሆነ። እሷ ከመነሻው ትሳፈራለች፣ እኔ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ። ስፌት ክፍል ነው የምትሠራው፣ ኮሌታ ላይ። ስለ ደሞዝም ስለ ፖለቲካም አታወራም፣ ስለ ልጇ ስለ ናኦሚ ብቻ። ዛሬ ግን ገና ሳልቀመጥ ስለ ማሽኑ ጀመረች።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለባት። አንዱ የዓምና ግንቦት ነው፣ ናኦሚ ሆስፒታል ተኝታ የነበረ ጊዜ። ሁለተኛው ከዚህ መንገድ የመጣ። በዚያ ላይ አሁን አራት ቀይ። ማለት... አንድ ቀን ካረፈደች ሦስተኛው ይታተማል። ሌሎቻችን አንድ ወይም ሁለት ላይ ነን። እሷ ብቻ ናት ጫፍ ላይ የቆመችው።

“ያ አርባ ደቂቃ የሚሉት መቼ ነው የሚገባው?”

“አይቻልም እትዬ። ኮዱ የለም።”

“ማን ጋ ነው ያለው?”

“ማንም ጋ የለም።”

እሺ አለች።  ደግነቱ በሰዓቱ ደረስን፤ እስክንደርስ ግን በመስኮት ስታይ ነበር። ምን ልላት እችል ነበር? እውነቱ እሱ ነው...

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ወንበር የያዘልኝ የለም። ቆሜ ሄድኩ።

ለካ ሰርቪሱን ትታዋለች። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከቤት ትወጣና በኢምፔሪያል በኩል በታክሲ ዞራ፣ ሌላ ታክሲ ይዛ፣ የቀረውን በእግሯ ትመጣለች። ጥበቃው ሙኽታር ነው የነገረኝ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ትደርሳለች አለ። ነጻ ሰርቪስ እያለ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ሰርቪሱ በሰዓቱ ደረሰ። ይገርማል። እሷ ግን በታክሲ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

መርፌ ጣቷን ወጋት። የቀኝ እጇን ሌባ ጣት፣ እስከ ጥፍሯ ድረስ። ኮሌታ እየሰፋች አንቀላፍታ ነው አሉ። አሥራ ሦስት ዓመት በየፋብሪካው ልብስ ሰፍታ መርፌ ነክቷት የማያውቅ ሴት።

ክሊኒኩ በፋሻ ጠቅልሎ ወደ ሥራዋ መለሳት። ላያት መሄድ ፈልጌ ነበር... ሄጄ ምን እላለሁ? አልሄድኩም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው። ሰርቪሱ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ደረሰ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ አርፍዶ። ስወርድ እትዬ ፈለቀች ማሽኑ ፊት ቆማለች። ከአንድ ሰዓት ከሩብ ጀምሮ። ፋሻውን ፈታዋለች። ጣቷ አብጧል፣ አናቱ ላይ ቁስል። ማሽኑ “እንደገና ይሞክሩ” ይላል። ትሞክራለች። እንደገና ይሞክሩ።

የተመዘገበላት ጣት አንድ ብቻ ነው። ያንን የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ ምዝገባው እንዳይንዛዛብኝ። ሌላ ጣት ለመመዝገብ የእኔ ፓስወርድ ያስፈልጋል። ሮጬ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ገጹ ሲከፈት፣ ግራ ጣቷን ሦስት ጊዜ ስታስነካ... አረንጓዴ መብራት በራ። ሰዓቱን አየሁት። አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት።

ቀይ።

ከእኔ ጋር የወረዱት ሃምሳ ሰዎች በሌላው ማሽን ሁሉም በሰዓቱ ገብተዋል። ከሁላችን ቀድማ የመጣችው እሷ ብቻ አረፈደች። በሁለት ደቂቃ።

“እዚህ ቆሜ አይተኸኛል” አለችኝ።

“አይቻለሁ።”

“እሱስ?” ማሽኑን ነበር የምታሳየው። በዚያ ባበጠ ጣቷ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ራሱ ታተመ። ፕሪንተሩ እኔ ክፍል ነው፣ ወረቀቱን ያነሳሁት በእጄ ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዓርብ ይሰበሰባል። ወይዘሮ ሐሊማ ወረቀቱን ተቀብለውኝ መሳቢያው ውስጥ፣ ያ ደብዳቤ ላይ አስቀመጡት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ያቤጽ ስልኩን ቀይሯል። እሑድ እሑድ ግን ከመዘምራን አይጠፋም። የራሴን ቸርች ትቼ ገርጂ እሱ የሚዘምርበት ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰበከ። ስለ ይቅርታ ነበር መሰለኝ፣ ዓይኔ ያቤጽ ላይ ስለነበር ብዙም አልሰማሁ።

ሲወጣ ያዝኩት። ማኪያቶ አዘዝን። ሁሉንም ነገርኩት፣ ጣቷን፣ ሁለቱን ደቂቃ፣ ዓርብን። ኮዱ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ከሆነ ብዬ ለመንኩት። እንደገና ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል አልኩት።

“አፑን እንደገና ሥራ ያለህ ማነው?”

ጨነቀኝ። እሱ ደግሞ ይስቃል።

ለካ ሰርቨሩ ላይ፣ አፑ ያለበት ፎልደር ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለች። ማርፈድን የሚያሰላው የአፑ ክፍል ደቂቃውን የሚያነበው ከእሷ ነው። በየአምስት ደቂቃው ተመልሶ ያያታል፤ ከተጻፈው ቀን ወዲህ ያለውን ሁሉ በአዲሱ ቁጥር እንደገና ያሰላል፣ ከዚያ በፊት ያለውን በድሮው። በኖትፓድ ከፍተህ ቁጥሩን ቀይር፣ ሴቭ አድርግ፣ በቃ አለኝ። አፑ መጥፋትም አያስፈልገው። ፋብሪካ ውስጥ ሰዓት እንደሚቀያየር ስለማውቅ ነው እንዲህ ያደረግኩት አለ። አምፖል ሲቃጠልብህ ቤቱን ታፈርሳለህ እንዴ? ብሎም ቀለደብኝ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

አላውቅም። ዓመት ከሁለት ወር። አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ሲለቅ “የሚያስቸግርህ ነገር ካለ ደውል” ብሎኝ ነበር፣ አሁን ትዝ አለኝ። ፎልደሩንም ከፍቼ አላየሁትም። አይቻልም ስል የከረምኩት ሳላይ ነው።

ማኪያቶውን ከፈልኩ። ይህቺን እንኳ ልክፈል።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ሆነ! ሆነ!

ወይዘሮ ሐሊማ ፈቀዱልኝ። ደብዳቤውን አጠገቤ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ፋይሏ እውነትም አለች። ስድስት መስመር። መጀመሪያ ኮፒዋን ሌላ ቦታ አስቀመጥኩ፣ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። አንዱ መስመር ላይ 10 ይላል። እሱው ነው። ዓመት ሙሉ ስፈራው የኖርኩት አንድና ዜሮ። 40 አልኩት። ከሥሩ “ከዚህ ቀን ጀምሮ” የሚል መስመር አለ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ደብዳቤውን አይቼ ሞላሁት። 2018-01-05። ሴቭ።

አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ።  ከዚያ ዝርዝሩ ላይ ቀዩ መጥፋት ጀመረ፣ አንድ በአንድ። የእትዬ ፈለቀችን ስም ፈለግኩ። ማስጠንቀቂያ፦ ዜሮ።

ስፌት ክፍል ድረስ ሮጬ ሄድኩ። እዚያ ክፍል ሮጬ ገብቼ አላውቅም። “ጠፋልሽ” አልኳት። እልል ልትል አፏን ከፈተችና የመስመር አለቃዋን አይታ ዋጠችው። በደህናው እጇ እጄን ይዛ ቆየች። እፎይ... ከቅዳሜ ወዲህ ዛሬ ገና ምግብ ጣመኝ።

*

ይህን የምጽፈው ከሰዓት ነው፣ ቢሮ። ከምሳ ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ዜሮ? ለምን ዜሮ? የግንቦቱስ? እሱ ከመንገዱ ጋር አይገናኝም። አንድ ነበር መቅረት ያለበት።

የራሴን አየሁ። ዓምና ኳስ አይቼ እያመሸሁ ያገኘኋት ማስጠንቀቂያ ነበረችኝ። የለችም። የሙኽታርም የለም። የፋብሪካው ሁሉ ከአርባ ደቂቃ በታች ያረፈደው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ... ነጽቷል።

ፋይሏን መልሼ ከፈትኩ። 2018። ለእኛ ዘንድሮ ነው። አፑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። በፈረንጅ 2018 ይህ ፋብሪካ ገና አልተከፈተም። ሕጉ ከዚያ ጀምሮ አርባ ነው አልኩት፣ እሱም እሺ ብሎ ሁሉን ማረ።

ለማንም አልተናገርኩም። ማን ያውቃል? ማንስ ይጎዳል?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ቦርሳዋ ወንበሬ ላይ ነበር። አንስታ አስቀመጠችኝ። የዓምናውም ሳይቀር ጠፍቷል አለችኝ። ወይዘሮ ሐሊማ ቢሮ ጠይቃ ነው። ማታ ከናኦሚ ጋር ተንበርክከው እግዚአብሔርን አመስግነዋል። ለእኔም ጸልየዋል። ስሜን ጠርታ “ገመዳን ባርከው” ብላለች ናኦሚ።

አሁን በመስኮት የማየት ተራው የእኔ ሆነ።

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። የሚያስፈራኝ የእሷ አይደለም፣ የእኔዋ አንዷ ማስጠንቀቂያ ናት። አንድ ሰው ልብ ቢል ምን ይባላል? የአይቲው ሰውዬ ገብቶ የራሱን ሰረዘ። የሰው እጅ ገባበት። አቶ ገብረሃንስ ይህን ከሰሙ አርባውንም ደቂቃ ይሰርዙታል፣ የሁሉንም ቀይ ይመልሱታል። ያን ጊዜ እትዬ ፈለቀች ዓርብ ኮሚቴ ፊት ናት። የረዳኋት መስሎኝ ገመዱን ያጠበቅኩባት እኔ እሆናለሁ።

ነገ እናገራለሁ። ጻፍኩት እንግዲህ። ማፈግፈግ የለም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ተናገርኩ።

በሩን ዘግቼ ቆሜ ነው የነገርኳቸው፣ ቁጭ በል ቢሉኝም። ፋይሏን፣ ቀኑን፣ የራሴን ማስጠንቀቂያ። ወይዘሮ ሐሊማ ደብዳቤውን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ደግሞ ደብዳቤውን።   ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። እሳቸውም የመጀመሪያውን ፓስፖርት ለማውጣት የተወለዱበትን ዓመት እንዲሁ በእኛ ጽፈው ሰባት ዓመት አርጅተው ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ነው ያመላለሷቸው።

“የተሳሳትከው ቀኑን ነው ወይስ ሆን ብለህ የራስህን ልትሰርዝ ነው?” አሉኝ፣ ሳቁ ሲያልቅ። ፊታቸው ኮስተር ብሎ።

“ቀኑን ነው። ግን ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ።”

“እሱን አውቄዋለሁ። የእትዬ ፈለቀች ዜሮ ገርሞኝ የአንተንም አይቻለሁ። እስከ ነገ ልጠብቅህ ብዬ ነው።”

አወይ! እስከ ነገ። ለካ አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ፣ ልክ እንደ እትዬ ፈለቀች።

እሳቸው እያዩኝ አስተካከልኩት። ግድግዳው ላይ ካለው፣ ሁለቱም አቆጣጠር ከታተመበት ካሌንደር መስከረም 5ን ፈለግን። 2025-09-15። ሴቭ። አምስት ደቂቃ አብረን ጠበቅን። የድሮዎቹ ቀዮች ተመለሱ። የኔዋም የኳስ ማስጠንቀቂያ መጣች፣ ደስ አለችኝ ብል ማን ያምነኛል? የመንገዱ ቀዮች ግን ጠፍተው ቀሩ። እትዬ ፈለቀች፦ አንድ። የቅዳሜዋም ሁለት ደቂቃ የለችም።

ለአቶ ገብረሃንስ ማስታወሻ ተጻፈ፣ ምን እንደተሳሳተ፣ ምን እንደተስተካከለ። ሁለታችንም ፈረምን። ሲያነቡት “ደብዳቤው ላይ ያለው ሆኗል?” ብለው ብቻ ጠየቁ። ሆኗል አልናቸው። በቃ እንግዲህ አሉ።

በእግሬ እስከ ዋናው መንገድ ሄድኩ። እንዲሁ መሄድ አማረኝ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። የእሷ ፋይል ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ እኔው ነኝ የነገርኳት። የግንቦቱ ተመልሷል፣ የጠፋው በእኔ ስህተት ነበር አልኳት። የናኦሚን ጸሎት አስቤ አፈርኩ። ትቀየመኛለች ብዬ ነበር። ትንሽ አሰብ አደረገች።

“እሱማ የእኔው ነው። ልጄ ታማብኝ ነው ያረፈድኩት። ነገም ብትታመም አረፍዳለሁ። ያልሠራሁትን ብቻ ነው ያልፈለግኩት።”

ከዚያ ስለ ናኦሚ የሒሳብ ፈተና ማውራት ጀመረች። ጎሮ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ማንም ሰዓቱን አላየም። ሹፌሩ ቆሎውን ለሁላችን አደለ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ለወይዘሮ ሐሊማ የፋይሏን አከፋፈት በአማርኛ ጽፌ ሰጠኋቸው፣ አንድ ገጽ። የመጀመሪያው መስመር በደማቁ፦ ቀኑ በፈረንጅ ነው። የሁሉንም ሠራተኛ ሁለተኛ ጣትም መመዝገብ ጀምሬአለሁ። አራት መቶ ሰው ነው። ይንዛዛ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

የጎሮው መንገድ ተከፈተ። አስፋልቱ ገና ጥቁር ነው፣ ይሸታል። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ፋብሪካ ደረስን። ሹፌሩ ግራ ገባው መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ።

ከሰዓት ወይዘሮ ሐሊማን ሳገኛቸው አርባውን ወደ አሥር ልመልሰው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጠዋቱን ራሳቸው መልሰውታል። ከነገ ጀምሮ። ቀኑን በፈረንጅ። እኔን ማንም አልጠራኝም። ትንሽ ቅር አለኝ፣ ከዚያ ተውኩት። ሥራ ቀነሰልኝ እኮ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ዛሬ እኔ አረፈድኩ። መንገድ አይደለም፣ ሰርቪስ አይደለም፣ እንቅልፍ። ስንት ጊዜዬ እንዲህ ከተኛሁ። ስነቃ ሰርቪሱ አልፏል። በታክሲ በኢምፔሪያል ዞሬ፣ እሷ በዚያ ሰሞን በመጣችበት መንገድ መጣሁ። ለካ እንዴት ይደክማል።

አሻራ ሰጠሁ። አንድ ሰዓት ከአርባ አንድ። በአንድ ደቂቃ። ቀይ።

ቢሮ ገብቼ ተቀመጥኩ። ፋይሏ እዚያው ናት። ለዛሬ 10ን 15 ማድረግ፣ ከነገ ጀምሮ መልሶ 10። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ አፑም ምንም አይሆን። ይቻላል።

ፎልደሩን ሳልከፍት ፕሪንተር ልጠግን ሄድኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ፈለቀች መጣች። ጣቷ ድኗል፣ ትንሽ ጠባሳ ብቻ። ቀዩን ሰምታለች። ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፣ እንቅልፍ ነው አልኳት። ሳቀችብኝ።

“ቦርሳዬ እስከ መጨረሻው ወንበርህ ላይ ነበር” አለችኝ። “ሰው ላስቀምጥ ቢለኝም ይመጣል አልኩ። ነገም እይዝልሃለሁ። ብቻ ተነስ።”